ሞተሩ እስኪበርድ

ከዲሮ ሚፍታ ሞተር ሳይክል ሲመጣለት ባልዲ ከማንሳቱ በፊት የግራ እጁን ጀርባ ሞተሩ ላይ ያሳርፋል። በሆዱ እስከ አሥር ይቆጥራል። አሥር ሳይደርስ እጁን ለማንሳት ከተገደደ ባለቤቱን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። አሥር ከደረሰ ውኃ ይቀዳል። ይህን በቀን ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ ያደርገዋል፤ በገበያ ቀን አሥር ይደርሳል።

የሥራ ቦታው በአሰላ ደቡብ ጫፍ፣ ወደ ሳጉሬ በሚያወጣው አስፋልት ዳር፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርድ አንድ ትንሽ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ነው። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ጠጠር የለበሰ መሬት፣ አንድ በርሜል፣ ሁለት ባልዲ። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም። ከመንገዱ ማዶ ሙንተሲር የሚባል ወጣት በፓምፕ የሚሠራ ላቫጆ ከፍቷል፤ አንድ ሞተር አጥቦ ለመጨረስ ከሰባት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። ከዲሮ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅበታል። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። የቸኮለ ሙንተሲር ጋ ይሄዳል፣ ጊዜ ያለው ከዲሮ ጋ ይቀመጣል።

አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ ሚፍታ ጋሪ ነጂ ነበር፤ ፈረሶቹን ያጥብ የነበረውም እዚሁ ወንዝ ዳር ነው። ላብ ያለበት ፈረስ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይደፋም፣ ፈረሱ ይታመማል። ሚፍታ የእጁን ጀርባ ፈረሱ ደረት ላይ አድርጎ ይቆይ ነበር። ለምን በመዳፍህ አትነካውም ሲሉት፣ መዳፍ ልጓም ሲይዝ ስለሚውል ይደነዝዛል፣ የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም ይላቸው ነበር። ከዲሮም ራሱ አሥራ አንድ ዓመት ጋሪ ነድቷል። ባጃጅ ሲበዛ ፈረሱን ሸጠ፣ ጋሪውን ፈታታ፣ ከእንጨቱ አግዳሚ ሠራ። የመጀመሪያው ደንበኛው አንድ የግብርና ሠራተኛ ነበር፤ ወንዝ ዳር ቆሞ ሲያየው «ፈረስ ማጠብ የምትችል ከሆነ ይህንንም እጠብልኝ» ብሎ ሞተሩን ሰጠው። ከዲሮ ከፈረስ የሚያውቀውን ሁሉ ሞተሩ ላይ ሠራ። አብዛኛው ልክ ሆኖ ተገኘ።

ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከፈሰሰ ብረቱ በድንገት ይኮማተራል፤ ቀለሙ ይነሳል፣ ሲከፋም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማብረድ ነው። ከበረደ በኋላ የማርሚታውን አፍ በፌስታል በተጠቀለለ ጨርቅ ይወትፋል፣ የቁልፉን ቀዳዳ በፕላስተር ይሸፍናል። በክረምት ከጢቾ በኩል የሚመጡ ሞተሮች ፓራፋንጎአቸው ሥር ኮቲቻ የሚሉትን ጥቁር ጭቃ ጠቅጥቀው ነው የሚደርሱት። ኮቲቻ ሲደርቅ ሸክላ ይሆናል። ሌላው ሰው በእንጨት ይፍቀዋል፤ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ከዲሮ ውኃ ያጠጣውና ራሱ እስኪለቅ ይተወዋል። የሚያጥበው ከላይ ወደ ታች ነው። አንዱ ባልዲ የሳሙና ነው፣ ሌላው የማለቅለቂያ፤ ጎማ የነካ ስፖንጅ የቤንዚኑን ታንከር አይነካም። የልብስ ሳሙና ዱቄት ቀለም ያደበዝዛል ብሎ ስለሚያምን የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በብዙ ውኃ አቅጥኖ ይጠቀማል። ሰንሰለቱን ላምባ በነካ ብሩሽ ይፈትጋል፣ በጨርቅ ያደርቃል፣ ጎማውን እያዞረ ዘይት በጠብታ በጠብታ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ደንበኛ ጎማውና ወንበሩ እንዲያብረቀርቅ ቅባት ይለምናል። እሺ አይልም። የተቀባ ወንበር ያንሸራትታል፣ የተቀባ ጎማ ሰው ይጥላል።

መጨረሻ ላይ የፊቱን የፍሬን ዲስክ በቀኝ አውራ ጣቱ ይዳስሳል። ዘይት ካለበት ጣት ተንሸራቶ ያልፋል፣ ከሌለበት ጣት ይይዛል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ አምስት ደቂቃ ያቆየዋል፤ በየስንጥቁ የቀረው ውኃ በሙቀቱ ይደርቃል። ጨርቁን እንኳ ሳያይ ነው የሚያነሳው። የዘይቱን ጨርቅ ከደረቁ ጨርቅ በጣቱ ይለየዋል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም በግራ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው ቆዳው ፈዘዝ ያለ የሳንቲም መጠን ምልክት ወጣ። አያሳክክም። ሚስቱ ዘሀራ ቋቁቻ ነው ብላ ከፋርማሲ ቅባት አመጣችለት። ምልክቱ ሰፋ እንጂ አልጠፋም። ሌሎች ሁለት ደግሞ ጀርባው ላይ ወጡ፤ እነዚያን እሱ ሊያያቸው አይችልም።

ቀጥሎ የግራ እጁን ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣቱን ይወርረው ጀመር። ጉንዳን የሚሄድባቸው ያህል ነበር። ከጭላሎ የሚወርድ ውኃ ጠዋት ጠዋት አጥንት ይሰብራል። በዚህ ውኃ የሚሠራ ሰው እጁ ቢደነዝዝ ማንንም አይገርምም፣ እሱንም አልገረመውም። ኅዳር ላይ ውርሩ ቆመ። ውኃውም እንደ በፊቱ አልቀዘቀዘውም። ዘንድሮ ብርዱ ቀለል ብሏል ብሎ አሰበ፤ ለዘሀራም ይህንኑ ነገራት። እሷ በዚያ ሰሞን ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ነበር የምትተኛው።

ታኅሣሥ ውስጥ በአንድ ረቡዕ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቱሳ መጣ። ቱሳ የቢራ ገብስ ደላላ ነው፤ በየገጠሩ እየዞረ ገበሬውን ከነጋዴው ጋር ያገናኛል። ገብሱ ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል፤ ከድምፁ ያውቃል። የከዲሮ ደንበኛ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የዚያን ዕለት ከሳጉሬ ወዲያ ካለ ቀበሌ ሳያርፍ ነድቶ ነበር የመጣው።

«ቶሎ በልልኝ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሰው ይጠብቀኛል» አለ ገና ከሞተሩ ሳይወርድ።

«የቸኮለ ሰው ማዶ ነው የሚሄደው።»

«ሙንተሲር ጋ? እሱ ጋ ፓምፑ ሲጮህ ሐሜት አይሰማም።»

ከዲሮ የግራ እጁን ጀርባ ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ቆጠረ። አሥር ደረሰ።

«በርዷል» አለ።

«አሁን ደርሼ? አንተ ሰውዬ፣ እግሬን እየጠበሰኝ ነው እኮ የመጣሁት።»

«በርዷል አልኩህ።»

ባልዲውን አንስቶ አፈሰሰ። ውኃው ብረቱን ሲነካ ጮኸ፤ ነጭ እንፋሎት ተነስቶ ሁለቱንም ጋረዳቸው። የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ ነበረ። ከዲሮ የላስቲክ ሽታ መሰለው። እንፋሎቱ ሲገለጥ ቱሳ እየሳለ ይስቅ ነበር።

«ሞተሬን ቀቀልከው። እጅህ የድንጋይ ነው እንዴ?»

«ጠዋት ብርድ ነበር» አለ ከዲሮ።

«ለኔም ነበር።»

ሞተሩ ምንም አልሆነም። ከዲሮ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ እየተንበረከከ አየ፤ የተሰነጠቀ ነገር የለም። ቀሪውን እንደ ወትሮው አጠበ። በማግስቱ ለሱብሂ ዉዱእ ሲያደርግ የግራ እጁ ጀርባ ላይ ባቄላ የሚያህሉ ሦስት ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች አየ። አንዱን በጣቱ ጫነው፣ ፈነዳ። ሁለተኛውንም ጫነው። ከዚያ ሦስተኛውን። እጁን አድርቆ ሰገደ።

ሌሊሳ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣል። ቤተሰቡ አሰላ ነው፣ ሥራው ኦጎልቾ በኩል። ጤና ባለሙያ ነው፤ የቲቢና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በየቀበሌው እየዞረ ይከታተላል፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ አሰላ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ይውላል። ሞተሩ የቆላ አቧራ ለብሶ ነው የሚመጣው። ዱቄት የመሰለ አቧራ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከዲሮ ሳይነካው በፊት በቀጭን ውኃ ያወርደዋል።

«ዶክተር፣ ዛሬ መሬቱን እንዳለ ይዘኸው መጣህ» አለው።

«ዶክተር አይደለሁም ብዬ ስንቴ ልንገርዎት?»

«እስክትሆን እጠራሃለሁ።»

ሌሊሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ከዲሮ እጅ ላይ አረፈ።

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ሞተር ነው።»

«ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«ሲቃጠሉስ?»

ከዲሮ እጁን አገላብጦ አየ። «አላወቅኩትም» አለ።

ሌሊሳ ተነሳ። እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ አለው፤ ከዲሮ ሰበሰበ። ሌሊሳ ክንዱ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ ከቦርሳው ጥጥ አወጣ፣ ጫፉን በጣቶቹ አሹሎ እንደ ክር አቀጠነው።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎት፣ የተነካውን ቦታ በቀኝ ጣትዎ ያሳዩኝ።»

ከዲሮ ጨፈነ። የወንዙን ድምፅ ሰማ። ማዶ የሙንተሲር ፓምፕ ይሠራል። አንድ ጋሪ ድልድዩን ተሻገረ፤ ከፈረሱ ኮቴ ድምፅ አንዱ ጫማ እንደላላ አወቀ። ጠበቀ።

«ጀምር እንጂ» አለ።

«ጨርሻለሁ» አለ ሌሊሳ።

ዓይኑን ገለጠ። ሌሊሳ ክርኑን ይዞ ከውስጥ በኩል፣ አጥንቱ ሥር፣ በጣቱ ፈለገ። ገመድ የመሰለ ያበጠ ነርቭ ነበር። የቀኙንም ክርን ዳሰሰ፤ እዚያም ነበር።

«ኦቦ ከዲሮ፣ ሰኞ ጤና ጣቢያ ይምጡ። እኔ እኖራለሁ።»

«ምንድን ነው?»

«በደንብ ሳልመረምር ይህ ነው አልልም። የሥጋ ደዌ ይመስለኛል። መድኃኒት አለው፣ በነጻ ይሰጣል። ይድናል። በቶሎ ከተጀመረ ደግሞ እጅዎም ተጨማሪ ጉዳት...»

«ቁምጥና ማለትህ ነው።»

«ሰው እንደዚያ ይለዋል።»

ከዲሮ እጅጌውን አውርዶ ቁልፉን ቆለፈ። የሌሊሳን ሞተር አጠበ። ወትሮ ስፖንጁን አንዴ ነው የሚያለቀልቀው፤ ያን ቀን አራቴ አለቀለቀው። ሌሊሳ ሊሄድ ሲል ቁልፉን እጁ ውስጥ እያገላበጠ ቆመ።

«እስከዚያው ሞተር በእጅዎ አይለኩ። ጠብታ ውኃ ጣል ያድርጉበት፤ ከጮኸ ይጠብቁ። ሰኞ እጠብቅዎታለሁ።»

«ሰኞ ሥራ አለ» አለ ከዲሮ።

ጤና ጣቢያው ዋናው መንገድ ዳር ነው። የሥጋ ደዌ ክፍሉ ተጠባባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ከመንገድ ይታያል፣ የተቀመጠበትን ሰው ያየ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ያውቃል። ከዲሮ የደንበኞቹን የሞተር መሪና ወንበር፣ የሚይዙትንና የሚቀመጡበትን ሁሉ፣ በእጁ ያሻል። ሞተራቸውን የሚያመጡለት ለዚህ እጅ ብለው ነው። ድሮ እዚሁ ድልድይ ሥር ጣት የሌለው አንድ ሰው ይቀመጥ ነበር። አባቱ ሚፍታ ደግ ሰው ነበር፤ ለዚያ ሰው ውኃ ይሰጠው ነበር። ሲሰጠው ግን ጣሳውን ሳይነካ ከላይ ነበር የሚያንቆረቁርለት። ሰውየው ስሙ ማን እንደነበር ከዲሮ አያውቅም። የሚጠይቅ አልነበረም።

አራት ሰኞ አለፈ። ሌሊሳ በየዓርቡ መጣ፤ እጁን አየት ያደርግና «ሰኞ» ይላል፣ ከዲሮ ራሱን ይነቀንቃል። ሰኞ ሲመጣ ወንዝ ዳር ነው። ጠብታውን ግን ለማንም ሳይናገር ጀመረ። ደንበኛው ሲያይ እጁን እንደ ድሮው ሞተሩ ላይ ያደርጋል፤ ደንበኛው ፊቱን ሲያዞር በጣቱ ውኃ ይረጭና ያዳምጣል።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ለወጠ። ሻይ የሚጠጣበትን ብርጭቆ ራሱ እያጠበ መስኮቱ ላይ ለብቻው ማስቀመጥ ያዘ። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሦስት ናቸው፤ እሱ፣ ዘሀራ፣ ኮሌጅ የምትማረው ልጃቸው ኢስራ። ዘሀራ ነገሩን ያየችው በሁለተኛው ቀን ነው፣ የጠየቀችው ግን በሦስተኛው ሳምንት።

«ይህ ብርጭቆ ምን አጥፍቶ ነው ከጓደኞቹ የተለየው?»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

«ሦስት ሳምንት? ስታስል አልሰማሁህም።»

«ደረቅ ነው።»

«ደረቅ ጉንፋን» አለችና ብርጭቆውን ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው። በማግስቱ መስኮቱ ላይ ነበር። እሷም ዳግመኛ አልጠየቀችም።

በጥር አጋማሽ በአንድ ቅዳሜ ቱሳ መጣ። ገብሱ ተወቅቶ የሚጓጓዝበት ጊዜ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ ሲዞር ነበር የከረመው። ሞተሩ ገለባና አቧራ ለብሷል። ከዲሮ ጠብታውን ረጨ፣ ጠበቀ፣ አጠበ። ቱሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አንድ ገበሬ እርጥብ ገብስ ከደረቅ በታች ደብቆ ሊሸጥለት እንደሞከረ ያወራል።

«ነከስኩለት። ዝም አለ፣ ድምፅ የለም። ‹ኦቦ› አልኩት፣ ‹ይህ ገብስ ነው ወይስ ቂጣ?›»

«ምን አለ?»

«‹ጥርስህ አርጅቷል› አለኝ።»

ከዲሮ ፈገግ አለ። ሰንሰለቱን ዘይት አጠጥቶ ጨረሰና ከኋላው እጁን ልኮ ጨርቅ አነሳ። የፊቱን ዲስክ ወለወለው። አውራ ጣቱን አሳረፈበት። ጣቱ የያዘ መሰለው። ሞተሩን አስነስቶ አምስት ደቂቃ አቆየው፤ ቱሳ ወጥቶ ሄደ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቱሳ ሞተሩን እየገፋ ተመለሰ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። የግራው መስታወት የለም።

«ፍሬኔን ምን አበላኸው?» አለ።

ከዲሮ ተንበርክኮ ዲስኩን አየ። ብረቱ ያብረቀርቃል፤ ግን እርጥብ ብረትም ዘይት የነካው ብረትም ያብረቀርቃል። ከኪሱ ነጭ ወረቀት አውጥቶ ጠረገው። ወረቀቱ ጠቆረ።

«ዘይት ነው» አለ።

«ዘይት መሆኑንማ ጉልበቴ ነገረኝ። አልዳሰስከውም?»

«ዳስሻለሁ።»

«ታዲያ?»

«የያዘ መስሎኝ ነው።»

ቱሳ ተቀምጦ ሱሪውን ሰበሰበ፤ ከማለቅለቂያው ባልዲ ውኃ ቀድቶ ጉልበቱን አጠበ። ቀስ ብሎ ነው የሚያጥበው። «ከማዞሪያው አንድ ጋሪ ወጣብኝ» አለ። «የፊቱን ስይዝ ምንም። በኋላው ብቻ ይዤ ተንሸራተትኩ፣ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ጋሪው ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ሕፃን ታቅፋለች።»

ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ከዲሮ ጨርቆቹን አንድ በአንድ እያነሳ ብርሃን ላይ አየ። የዘይቱና ደረቁ ጨርቅ በአንድ ቦታ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ቆመ። እጁ ውስጥ አንድ ዓይነት ነበሩ። ዲስኩን በቤንዚን አጠበው፣ የፍሬኑን ሸራ ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፣ መልሶ አሰረው፣ ነጩ ወረቀት ነጭ ሆኖ እስኪቀር ደጋግሞ ጠረገ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ቱሳ እስኪጨርስ ተቀመጠ። ሲሄድ በዝግታ ነዳ፤ ድልድዩ ላይ ሁለቴ ፍሬኑን ይዞ ሞከረው።

ሰኞ ጥር አሥራ ዘጠኝ ከዲሮ ጤና ጣቢያ ሄደ። አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አራተኛ ሆኖ ተቀመጠ። በመንገዱ ላይ ሁለት የሚያውቃቸው የባጃጅ ነጂዎች አለፉ፤ አንደኛው እጁን አነሳለት።

ሌሊሳ ሸሚዙን አስወልቆ ቆዳውን በሙሉ አየ። ምልክቶቹን ቆጠረ፣ ሰባት ናቸው። ከዲሮ የሚያውቀው አንዱን ነበር። በጥጥም በእስክሪብቶ ጫፍም ሞከረው። የቀኝ አውራ ጣቱ ከሁለት ንክኪ አንዱን ነው ያወቀው።

«አሥራ ሁለት ወር ነው» አለ ሌሊሳ። «በየሃያ ስምንት ቀኑ እየመጡ አንድ ፓኮ ይወስዳሉ። የመጀመሪያውን እዚሁ ፊቴ ይውጣሉ። ዛሬ ሽንትዎ ሊቀላ ይችላል፣ አይደንግጡ። ከጥቂት ወር በኋላ ፊትዎ ይጠቁራል፤ መድኃኒቱ ነው፣ ሲያቋርጡ ቀስ እያለ ይመለሳል።»

«እጄስ?»

«የቀኙ የተወሰነ ሊመለስ ይችላል። ለእሱ ሌላ ክኒን እጨምርልዎታለሁ። የግራው ቆይቷል። ተስፋ አልሰጥዎትም።»

ከዲሮ ክኒኖቹን መዳፉ ላይ ተቀበለ። መዳፉ ላይ መኖራቸውን በዓይኑ አረጋገጠ።

«ሞተራቸውን የሚሰጡኝ ሰዎች፣ ይይዛቸዋል?»

«በሞተር አይተላለፍም። መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ለማንም አያስተላልፉም። ቤተሰብ ግን መታየት አለበት፣ ሕመሙ ከጀመረ ሁለት ዓመት አብረውዎት ኖረዋል።»

ከዲሮ ዋጠ። ሌሊሳ መዝገቡ ላይ ጻፈ። ከመሳቢያው ወፍራም የጎማ ጓንት አውጥቶ ሰጠውና ማታ ማታ እጁንና እግሩን እያየ ቁስል እንዲፈልግ ነገረው። የማያምም ቁስል በዓይን ነው የሚገኘው አለው።

ቤት ሲደርስ ፓኮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዘሀራ የታጠበ ልብስ ታጥፍ ነበር። ምንድን ነው አለችው። የበሽታውን ስም ነገራት። ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈታችና እንደገና አጠፈችው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የቋቁቻ ቅባት ቀባሁህ» አለች።

«አዎ።»

«ብርጭቆው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔስ? ኢስራስ?»

«መታየት አለባችሁ ብሏል። ወዲያው ካልሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ።»

ዘሀራ ልብሱን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ስትገባ እንደነበረው ነበር። «መቼ ነው ቀጠሮው?» አለች። ነገራት። «እስከዚያ ለኢስራ እኔ እነግራታለሁ፣ አንተ አትንገራት» አለች።

ለቱሳ ራሱ ነገረው። ረቡዕ ዕለት፣ ሞተሩን ማጠብ ከመጀመሩ በፊት፣ ስለ ፍሬኑ ማወቅ አለብህ ብሎ ጀመረ፤ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰ። ቱሳ እጁ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ያይ ነበር።

«ጥርሴ ቢወልቅ እኔም ሥራ የለኝም» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«መድኃኒቱ ይሠራል?»

«ይሠራል ይላል።»

«አልሐምዱሊላህ ነው።» ከአግዳሚው ተነሳ። «ለዛሬ ቸኩያለሁ፣ ከሰዓት እመጣለሁ።»

ከሰዓት አልመጣም። በሚቀጥለው ረቡዕ ሞተሩ ማዶ፣ የሙንተሲር ፓምፕ ሥር ቆሞ ነበር። ቱሳ ከመንገዱ ባሻገር እጁን አነሳ፤ ከዲሮም አነሳ። ከዚያ በኋላ ባለው ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። በዚያው ሳምንት ሌሎች ሦስት ነባር ደንበኞች ቀሩ። ማን እንደነገራቸው ከዲሮ አልጠየቀም። የሚመጡት አዲሶች ናቸው፤ አንዱ ጓንቱን አይቶ «አባባ፣ እርስዎስ ዘመናዊ ሆነዋል» አለው። ጨርቆቹ አሁን ሁለት ቀለም ናቸው፣ የዘይቱ ቀይ፣ ደረቁ ነጭ። ፍሬን የሚፈትነው በወረቀት ነው። ሞተሩን በጠብታ ይለካል፤ በግልጽ፣ ደንበኛው እያየ። አንድ ሞተር ከሃምሳ ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ ወጥቷል፤ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ አያጣድፈውም።

የካቲት አሥራ ሰባት ሰኞ ላይ ይውላል። የዚያን ቀን የወንዝ ዳሩ ሥራ ዝግ ነው። ከዲሮ ሁለተኛውን ፓኮ ይወስዳል፤ ዘሀራና ኢስራ አብረውት ሄደው ይመረመራሉ።